የሹበርትን «ላየርማን» በማሲንቆ ታጅቤ ልዘፍነው ነው፤ ቅኝቱ ላይ ተቸግሬያለሁ

የሱሉልታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድምፃዊት ነኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ጎረቤታችን ማሲንቆ ይጫወታል። ማታ ማታ ጅምር ሕንፃ ይጠብቃል፣ ከሰዓት ሲነሳ እኛ ቤት አብረን እንለማመዳለን። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ዘፈን ይዘን እየታገልን ነው።

ዘፈኑ «ላየርማን» ይባላል፣ «ባለ ላየሩ» እንደማለት፤ የኦስትሪያዊው አቀናባሪ የፍራንዝ ሹበርት ነው። በ1827 እ.ኤ.አ. በቪልሄልም ሙለር ግጥሞች ላይ 24 ዘፈኖች ሠርቷል፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። ስብስቡን «የክረምት ጉዞ» ብለው ሲተረጉሙት ሰምቻለሁ። እኔ አልወደውም። ለኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። የነሱ ብርድ ነው፣ ሁሉ ነገር የሚደርቅበት። ሱሉልታ ያለ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ወጥቶ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ካየ ይገባዋል።

ታሪኩ አጭር ነው። ከመንደር ወዲያ አንድ ሽማግሌ በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ቆሞ ላየር ያዞራል። ሳህኑ ባዶ ነው። የሚሰማው የለም፣ ውሾች ያጉረመርሙበታል። እሱ ግን ማዞሩን አይተውም። መጨረሻ ላይ መንገደኛው «አብሬህ ልሂድ? ለዘፈኖቼ ታጅበኛለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልስ የለም፣ እዚያው ላይ ያልቃል። መጀመሪያ የሰማሁት ከአዲሱ ገበያ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ። «ወራጅ» ሳልል ሠፈሬን አለፍኩት።

ላየር ማለት እጀታው ሲዞር ክብ እንጨት ጅማቶቹን እየፈተገ የሚያጮኸው መሣሪያ ነው። አንዳንዶቹ ጅማቶች ዜማ አይጫወቱም፣ አንድ ድምፅ ይዘው እም ይላሉ። ሹበርት ይሄን በፒያኖ ነው የሠራው። ግራ እጁ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቅኝቱን መነሻ ድምፅና ከሱ አምስተኛውን። ስለዚህ ወደ ማሲንቆ ስናመጣው ከቤቱ እያወጣነው አይመስለኝም። ከፒያኖው በፊት የጎዳና መሣሪያ ነበረ።

ችግሬ ግን ብዙ ነው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፣ ዜማውን ሲይዝ እምታውን ማን ይያዝ? በገና አስቤ ነበር። ሌላው ቅኝቱ ነው። ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ቀረብ ይላል፣ ነገር ግን ፒያኖው ላይ ከመነሻው ድምፅ ሥር በግማሽ ቶን የምትቀመጥ ድምፅ አለች። በትዝታ ውስጥ የለችም። ሳወጣት ዜማው ይለሰልሳል፣ ሳስገባት ደግሞ ትዝታው ይጠፋብኛል። ቃሉንም ወደ አማርኛ እያመጣሁት ነው፦

ከመንደሩ ወዲያ ሽማግሌው ቆሟል፣
በደነዘዘ ጣት ያው ይገዘግዛል።

ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ ክራር (ጣፎ)፦

እህቴ፣ በርቺ። ቅኝቱን በተመለከተ ያቺን ድምፅ ከዘፈንሽ አውጫት፣ ለማሲንቆው ተይለት። ማሲንቆ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ድምፁን የሚለይ መስመር የለውም። ጣቱን እያንሸራተተ ከሥር ወደ መነሻው ይውጣ፣ ሳያርፍባት አልፏት ይሂድ። አንቺ በትዝታሽ ትቆያለሽ፣ ቁስሉ ግን ይሰማል።

እምታውን ክራር ይችለዋል። ስድስቱንም ክር መነሻና አምስተኛ ላይ ቃኚና ግርፍ (ክሮቹን ባንዴ መምታት) ሳይሆን በድርደራ (አንድ በአንድ)፣ ቀስ እያልሽ። የክራር ድምፅ ቶሎ ይሞታል ካልሽ እኔ የሞከርኩት ነገር አለ። በገና ላይ ክሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች አይደል፣ የምታንዘረዝረው? በአሮጌ ክራር ድልድይ ላይ ቀጭን ቆዳ አስገባሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ትንሽ ስትወፍር ድምፁን ታንቀዋለች። ልኩን ሲያገኝ ግን ዝዝዝ እያለ ይቆያል። ላየሩም እንዲህ ሸካራ ነው።

የበገና ተማሪ፦

በገናውን ተይው ብዬ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ሙዚቃው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሰምቼው አልቅሻለሁ። ግን በገና የጸሎት ነው። እናቴ በዐቢይ ጾም በገና ስትሰማ ሥራዋን አስቀምጣ ነው የምትቀመጠው። አንቺ ለሙከራ ስታመጪው እሷ የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። የሽማግሌውን ባዶ ሳህን ትረሳና ንስሐ ታስባለች። ዘፈንሽም ይጎዳል፣ በገናውም።

ጡረተኛው መምህር (ቡራዩ)፦

ልጄ፣ የግጥምሽን ቀለማት፣ ማለቴ ቃሉ የሚከፈልባቸውን ድምፆች፣ ቆጠርኩት። ስድስት አምስት፣ ስድስት አምስት። የጀርመንኛውም እንዲሁ ነው፣ ስለዚህ ጆሮሽ አልሳተም። ለኛ ጆሮ ግን እንግዳ ነው። ከኛ የግጥም ዓይነቶች ወል ቤት ስድስት ስድስት ይሄዳል፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ያንቺ በሁለቱ መሐል አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ይመስላል። እንዳትሞይው። አድማጩ ስድስተኛዋን ሲጠብቅ ትጉደልበት፣ እዚያ ማሲንቆው ብቻውን ይቆይ።

«ይሄ የነሱ ነው፣ አትንኪው» የሚልሽ ከመጣ አትስሚ። ከነዚሁ 24 ዘፈኖች አምስተኛውን፣ የሊንደን ዛፉን፣ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ዚልኸር ለመዘምራን አቃለለውና የጀርመን ሕዝብ የራሱ ባህላዊ ዘፈን አደረገው። አቀናባሪው ሃንስ ዜንደር ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ሁሉንም አፍርሶ በአኮርዲዮንና በጊታር ጭምር ሠርቶታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ይህን ሽማግሌ ላሊበላ ልታደርጊው ይቃጣሻል፤ እኔም መጀመሪያ የመጡብኝ እነሱ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው የሚያዜሙት፣ ካላዜምን ቁምጥና ይይዘናል ይላሉ የሚባሉት። ግን ላሊበላ በር ያንኳኳል፣ የባለቤቱን ስም ጠይቆ ያዜማል፣ ሲሰጡት ይመርቃል። ያንቺ ሰው ማንንም አይጠራም፣ ማንንም አይመርቅም። ምርቃት ካስገባሽበት ሌላ ሰው ይሆናል።

የሱሉልታዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምርቃት ጽፌ ነበር። ዛሬ ሰረዝኩት።

በገናውንም ትቼዋለሁ። እናትሽን ሳስብ ከበደኝ።

ትናንት ታሪኩን ለጎረቤቴ እንደገና ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ውሾቹ የማን ናቸው?» አለኝ። የመንደሩ ይሆናሉ አልኩት። «እንግዲያው በየቀኑ ያዩታል። በየቀኑ እያዩት ካጉረመረሙበት አንድም ቀን አልለመዱትም» አለ። ሌሊት ብቻውን ውጭ የሚያድር ሰው ነው፣ ያውቃል። እስከዛሬ የውሾቹን ስንኝ ጮክ ብዬ ነበር የማዜመው፣ የሚያስፈራ ነገር መስሎኝ። ትናንት ዝቅ አድርጌ እንደ ተራ ነገር አልኩት። እሱም ደጋኑን ሳያነሳ አንዲት ድምፅ ይዞ ቆየልኝ። ያቺን ተንሸራታች ድምፅም አገኛት።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያለ ክራር እንሞክረዋለን፣ ማሲንቆና ድምፅ ብቻ። ሹበርት ፒያኖውን እዚያ ላይ አላቆመውም። ስህተት ከሆነ እንመልሰዋለን።

ባለ ክራር፣ ያ ቆዳ ያስገባህበት ክራር አሁንም አለ? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንለማመዳለን። ይዘህ ብትመጣ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝ፣ መንገድ ላይ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ። ጋቢ አትርሳ፣ እኛ ጋ ይበርዳል።