የሰልፍ ማሳወቂያ ደብዳቤያችንን የሚቀበለን አጣን

ሰላም ወገኖች፣ ልምድ ያላችሁ እርዱን።

ለገሃር አካባቢ የምንሠራ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ጀበና ቡና የምታፈላ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ተመን ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የወረቀትና የቀለም ዋጋ አልቀመስ አለኝ። የብድሩ ቅድመ ሁኔታ ሲወሰን እኛን የጠየቀን የለም። ያንን በሰላም፣ በአደባባይ መናገር እንፈልጋለን።

የሰላማዊ ሰልፍ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983፣ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። ፈቃድ ለምኑ አይልም። ደብዳቤውን ይዘን ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከናል። ቅጂው ላይ ማኅተም የሚያሳርፍልን ጠፋ፤ በቃል ብቻ «ቆዩ» ይሉናል። ማስረጃ ሳልይዝ ደግሞ ሰው አልጠራም። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች አሉበት፤ አንዷ ብትታሰር በምን ዓይኔ ቤተሰቧን አያለሁ?

በአደራ ደብዳቤ ብንልከው፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማሳወቃችንን ያስረዳልናል? የሞከረ አለ?

ቦታውም አስጨንቆናል። ያሰብነው መስቀል አደባባይ ነው። አዋጁ ከቤተ እምነትና ከዓለም አቀፍ ድርጅት 100 ሜትር ራቁ ይላል። እዚያ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከፍ ሲል የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን። ርቀቱ የሚለካው ከአጥሩ ነው ከሕንፃው?

ጠበቃ የሆናችሁ እባካችሁ ዝም አትበሉን። ሰኞ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን።