ስም የሌለው ጠርሙስ፦ ኬሚካል፣ የጽዳት ሥራና የሠራተኛ ማኅበር በጀርመን

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን በጽዳት ድርጅት ነው የምሠራው። እጄ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል፤ ሌሊት ማሳከኩ እንቅልፍ ነስቶኛል። ፈሳሹ ከትልቅ ጄሪካን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ተገልብጦ ይሰጠናል፤ ጠርሙሱ ላይ አንዳች ጽሑፍ የለም። አለቃዬን ብጠይቀው ከሥራ ያስወጣኛል ብዬ ፈራሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። እኔም እዚሁ ጽዳት ላይ ነኝ፤ በሠራተኞች ምክር ቤት፣ በቤትሪብስራት፣ ተመርጬ አገለግላለሁ።

ከሁሉ በፊት ጠርሙሱ። ተገልብጦም ቢሆን የፈሳሹ ስምና ዙሪያው ቀይ የሆነው የአደጋ ምልክት ሊኖረው ይገባል። በረኪና ያለበትን ፈሳሽ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ብታቀላቅዪው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ስም የሌላቸው ሁለት ጠርሙሶች ይዘሽ ጠባብ ሽንት ቤት ስትገቢ ይህን አደጋ ይዘሽ ነው የምትገቢው።

ቀጥሎ ዚከርሃይትስዳተንብላት የሚባለውን፣ የፈሳሹን አደጋና ጥንቃቄ የሚዘረዝረውን ወረቀት ጠይቂ። 16 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉን ማንበብ አይጠበቅብሽም። ክፍል 2 አደጋውን፣ ክፍል 8 የትኛውን ጓንት እንደምታደርጊ ይነግርሻል። ክፍል 2 ላይ «ኤች 317» የሚል ኮድ ካየሽ ቆዳ ላይ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል ማለት ነው፤ ለሐኪምሽ አሳዪው። አሠሪሽ የአጠቃቀም መመሪያውን በሚገባሽ ቋንቋ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ጀርመንኛዬ አይረባም ብለሽ አትሸማቀቂ።

ይህ መብት እንዲሁ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1981 በፊት አውሮፓ ገበያ ላይ የነበሩ ከ100,000 በላይ ኬሚካሎች አብዛኞቹ በቂ ምርመራ ሳይደረግባቸው ይሸጡ ነበር። ጎጂ ነው ብሎ ማስረዳት የመንግሥት ሥራ ነበር። ሪች የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ደንብ በ2006 ጸድቆ ከጁን 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ሸክሙ ወደ ኩባንያዎቹ ዞረ። በዓመት 1 ቶንና ከዚያ በላይ የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ኩባንያ መረጃውን ሄልሲንኪ ለሚገኘው የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ ማስመዝገብ አለበት፤ ካላስመዘገበ መሸጥ አይችልም። አንቀጽ 35 ደግሞ ሠራተኛውም ተወካዩም ስለሚነካው ኬሚካል መረጃ እንዲያይ ይፈቅዳል።

የሠራተኛ ማኅበራቱ ራሳቸው ግን በዚህ ደንብ ላይ አንድ ልብ አልነበሩም። የአውሮፓ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደንቡን ደገፈ። የጀርመን የኬሚካል ሠራተኞች ማኅበር፣ ኢጌ ቤትሴኤ፣ በ2002 ከመንግሥትና ከኬሚካል ኢንዱስትሪው ጋር የጋራ አቋም አውጥቶ ደንቡ ኢንዱስትሪውን እንዳይጎዳ ተከራከረ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የአባሎቻቸው እንጀራ ነው። ግን ኬሚካሉ ከፋብሪካው በር ሲወጣ አያልቅም። ጽዳት፣ ግንባታ፣ ፀጉር ቤት፣ ቀለም ቅብ ይገባል፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚሠራው እዚያ ነው። የማኅበር አባል ካልሆንን ስለ እኛ እጅ ማን ይናገራል? የአውሮፓ ኮሚሽን ሪችን አሻሽላለሁ ብሎ በ2020 ቃል ገባ፤ ጉዳዩ ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ። በጁላይ 2025 ደግሞ የኬሚካል ዕቃዎችን የመለያ ጽሑፍ ደንቦች ለማቅለል ሐሳብ አቀረበ። እኔ በበኩሌ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ መንካት አልወድም፤ ብዙዎቻችን የምናየው እሱን ብቻ ነው።

ፍርሃትሽን አልንቀውም። መብቱን ስለጠየቀ ሠራተኛን መቅጣት ክልክል ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከመባረር የሚከላከልልሽ ሕግ ደካማ ነው። ስለዚህ ብቻሽን አትጋፈጪ። ቤትሪብስራት ካለ በእሱ በኩል ይጠየቅ፤ ከሌለ የጽዳት ሠራተኞችን የሚያደራጀው የሠራተኛ ማኅበር፣ ኢጌ ባው፣ አለ። መዋጮው ከደመወዝሽ 1 በመቶ አካባቢ ነው።

ቆዳ ሐኪም ዘንድ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ። ችግሩ ከሥራሽ የመጣ እንደሚመስል ንገሪው። አንቺ ከፈቀድሽ የሥራ ላይ አደጋና በሽታ መድን ለሆነው ለቤሩፍስገኖሰንሻፍት ሪፖርት ይጽፋል፤ ሕክምናውንም ተስማሚ ጓንቱንም እነሱ ሊሸፍኑልሽ ይችላሉ። ድሮ የቆዳ ሕመም የሥራ በሽታ ተብሎ እንዲታወቅ ሥራውን መተው ግድ ነበር። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ያ ቀርቷል።

ሌላ መልስ

ወንድማችን ጥሩ ብሏል። እኔ ግንባታ ላይ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። የመስኮት ክፍተት የምንሞላበት ፎምና አንዳንድ ሙጫዎች ዳይአይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለባቸው፤ አስም ሊያስይዝ ይችላል። መጠኑ ከ0.1 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የሚጠቀም ሁሉ አስቀድሞ መሠልጠን አለበት፤ ሥልጠናው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ማስረጃውን አሠሪው መያዝ አለበት። ሥልጠና ሳይሰጣችሁ ፎሙን አንሳ ካሏችሁ መጀመሪያ ሥልጠናውን ጠይቁ። እህታችን፣ ሐኪሙ ያለሽን እዚሁ ጻፊልን።