ዘገየ አዲሶቹን ኤሊዎች አላስቀምጥ አለ

የማራኪ ልጅ (ታኅሣሥ 9)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ኤሊ ያሳደገ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ግቢያችን ውስጥ ዘገየ የሚባል ኤሊ አለ። አባቴ ወታደር ሳለ በ1976 ዓ.ም. ከአዋሽ በኩል ይዞት መጣ። ያኔ መዳፍ ያክል ነበር ይላሉ። እኔ ስወለድ ዘገየ ቀድሞኝ ነበር። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ዘገየ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት አባቴ ይቀመጥበት ወደነበረው ድንጋይ ሄዶ ፀሐይ ይሞቃል። እናቴ እሱን ሳታይ ቡና አታፈላም።

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችንን ልጃቸው አዲስ አበባ ወሰዳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ሁለት ኤሊ ነበራቸው። «ለማንም አልሰጥም፣ አንቺ ውሰጂልኝ» አሉኝና እያለቀሱ አስረከቡኝ። ትልቋ ወለላ፣ ትንሿ ጥቁሬ። ሁለቱም ሴት ናቸው ብለውኛል። ዘገየ በእርጅናው ጓደኛ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

የሆነው ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ዘገየ ጥቁሬን ማባረር ጀመረ። አንገቱን አስግጎ ይጠጋታል፣ ከዚያ በቅርፊቱ ይገጫታል። ድምፁ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማል። ትናንት ከሥራ ስመለስ ጥቁሬ በጀርባዋ ተገልብጣ፣ ፀሐይ ላይ እግሯን ስታወራጭ አገኘኋት። ስንት ሰዓት እንደቆየች አላውቅም። ጥላ ውስጥ ሳስቀምጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወለላ ደግሞ ከመጣች አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ እህል ውኃ አላለችም። ቀኑን ሙሉ የሽቦውን አጥር ተከትላ ትመላለሳለች። አፍንጫዋ ተልጧል።

ግቢያችን ስምንት በአሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ጎመን፣ ካሮትና የተረፈ እንጀራ እሰጣቸዋለሁ። ማታ ሦስቱም አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያድራሉ። ለጥምቀት አሥራ አራት እንግዳ ይመጣብናል፤ ግማሹ ሕፃን ነው። ከዚያ በፊት ሰላም ማውረድ እፈልጋለሁ። ምን አጠፋሁ?

የከብት ሐኪም (ታኅሣሥ 9)

እህቴ፣ ዛሬውኑ ሦስቱን ለያዪያቸው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ። ኤሊ ሲገለበጥ ሳንባው ከላይኛው ቅርፊት ሥር ስለሆነ የሆድ ዕቃው ሁሉ እሱ ላይ ይጫነዋል። ፀሐይ ሲጨመርበት በጥቂት ሰዓት ሊሞት ይችላል። ጥቁሬ የተረፈችው በዕድል ነው።

ሥራዬ ላምና በግ ላይ ነው፤ ኤሊ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጾታቸውን አጣሪ። ባለቤቶቹ የሚሉት ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ኤሊዋን ሳትገለብጫት ወደ ጎን ትንሽ ዘንበል አድርጊያትና ከሥር እዪ። የሆዱ ቅርፊት ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጅራቱም ረዘምና ወፈር ያለ ከሆነ ወንድ ነው። ሴቷ ሆዷ ለጥ ያለ ነው፤ ጅራቷም አጭር ነው። እንደገመትኩት ከሆነ ጥቁሬ ወንድ ነው። ዘገየ እየተከራከረ ያለው ስለ ግቢው ነው። አርባ ዓመት ብቻውን የያዘው ቦታ ላይ ሌላ ወንድ ገባበት። የራሱ ጥፋት አይደለም፤ ያንቺም አይደለም።

ኤሊ ጓደኛ አይፈልግም። ይህን ስል ብዙ ሰው ያዝናል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። በዱር የሚኖረው ለየብቻው ነው። ሲገናኙም አንዱ ተሸንፎ ይሄዳል፣ ነገሩ ያልቃል። ግቢ ውስጥ ተሸናፊው የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ይገጫል፣ ይገለበጣል፣ ወይም ጥግ ይዞ መብላት ያቆማል። ሁለት ወንድ በዚያ ስፋት አብረው አይኖሩም። ጊዜ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም፤ ለዘለቄታው መለየት አለባቸው። አንድ ወንድና አንድ ሴት ብቻ ማኖርም እንዲሁ ከባድ ነው፤ ወንዱ ሌላ የሚያየው ስለሌለው እሷን ዕረፍት ይነሳታል።

ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣ ኤሊ ቢያንስ ሦስት ወር ለብቻው መቀመጥ አለበት። ለየብቻ የውኃ ዕቃ፣ ለየብቻ ማደሪያ። መጀመሪያ ዘገየን መግቢ፣ ከዚያ አዲሶቹን፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጤነኛ መስሎ የሚመጣ ኤሊ የመተንፈሻ በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። አፍንጫው ላይ አረፋ ወይም ፈሳሽ፣ ያበጠ ዓይን፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ ካየሽ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂጂ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ እዚያ ጠይቂ። ኩሳቸውንም ለትላትል ማስመርመር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ያዢልኝ። ማንም ሰው ለበግና ለላም የምንሰጠውን የትላትል መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ እንዳይወጋቸው። ለኤሊ መርዝ ነው፤ ይገድላል። እዚህ አገር በየቦታው ስለሚገኝ ነው አበክሬ የምነግርሽ።

ሦስተኛ፣ የወለላ መመላለስ። ኤሊ ቦታውን ያውቃል። ከለመደበት ሲወስዱት ለመመለስ ይሞክራል። ሽቦው ደግሞ ወዲያ ማዶውን ያሳያታል፤ የምታየውን ነገር ለምን ማለፍ እንዳልቻለች አይገባትም። የሽቦውን የታችኛውን ክፍል በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ሸፍኚው። አጥሩ ማዶውን የማያሳይ ከሆነ ትተወዋለች። ጎንደር ድንጋይ አይጠፋም፤ ጉልበት የሚደርስ ካብ ብታስክቢ ከሁሉም ይሻላል። በሦስቱ መካከል ያለው ግድግዳም እንዲሁ ይሁን። ወንዶቹ እርስ በርስ መተያየት የለባቸውም።

ለመብላት አትቸኩዪባት። ትልቅ ኤሊ ቦታ ሲቀይር አንድ ሁለት ሳምንት አለመብላቱ የተለመደ ነው። በየሳምንቱ መዝኛትና ጻፊው። ክብደቷ እየወረደ ከሄደ ያኔ እንጨነቃለን። በየሁለት ቀኑ ለብ ባለ ውኃ ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፊያት። ውኃው ከአገጯ በታች ይሁን፤ አጠገቧም ሁኚ። እዚያው ትጠጣለች፣ ሆዷም ይንቀሳቀሳል።

ቁስቋም ሠፈር (ታኅሣሥ 10)

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኔም ቤት ሃያ ሦስት ዓመት የኖረች አለች።

እንጀራውን ተዪው። ዳቦም፣ ወተትም፣ ሥጋም እንዲሁ። የሣር እንስሳ ናት። ሰርዶ ስጫት፣ ድርቆሽ ስጫት። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁን፤ ካሮት ደግሞ እንደ ከረሜላ ቁጠሪው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ ውቀጪና በሳምንት ሁለቴ ምግቧ ላይ ነስንሺ፤ ለአጥንቷም ለቅርፊቷም ነው።

የበለስ ቅጠል በጣም ይወዳሉ። እሾሁን አንድ በአንድ ነቅለሽ፣ ቆራርጠሽ ስጪ። ግን አደራ፣ ከቁልቋል ጋር እንዳታምታቺው! በየአጥሩ የቆመው ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ እሱ መርዝ ነው። ዓይን እንኳ ያጠፋል። አንድ ዘመዳችን ልዩነቱን ሳያውቅ አምጥቶልኝ በጊዜ ደረስኩበት።

ሌላው ብርዱ ነው። ኤሊ ከቆላ የመጣ ፍጡር ነው፤ የእኛ አገር ደጋ ነው። ቆርቆሮ ሌሊት እንደ በረዶ ይሆናል። የእኔዋ የምታድረው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር በተያያዘ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ሥሩ ጭድ አለው፤ በላዩ ኬሻ እጥልበታለሁ። ከወዲያ በኩል ምጣዱ ስላለ ግድግዳው ሙቀት ይዞ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ምግብ አላቀርብላትም፤ አራት ሰዓት ሲሆን ነው። ሰውነቷ ሳይሞቅ የበላችው አይፈጭላትም።

የከብት ሐኪም (ታኅሣሥ 10)

እማማ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ይህ ኤሊ ደግሞ እንደ አውሮፓ ኤሊ የብርዱን ወራት ተኝቶ አያሳልፍም። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ሳንባውን ይይዙታል። እርጥበቱን ከብርዱ የበለጠ ፍሪው።

ሸዲ (ታኅሣሥ 11)

እኔ መተማ በኩል ነኝ። ይህን ሁሉ ከምትደክሚ አዲሶቹን ቆላ አውርደሽ ብትለቂያቸው አይሻልም? ካልሆነም ቅርፊቱን ጫፉ ላይ በስተሽ በገመድ እሰሪው። ብዙ ቤት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

የከብት ሐኪም (ታኅሣሥ 11)

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አልስማማም። ቅርፊቱ ሕይወት ያለው አካል ነው። አጥንት ነው፤ ደምና ነርቭ አለው። መብሳት ማለት አጥንቱን በመሰርሰሪያ መብሳት ነው። ያመዋል፣ ያመረቅዛል። ገመዱም እግሩ ላይ ይጠመጠማል።

መልቀቁም ደግነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሰው ቤት የኖረ ኤሊ በሽታ ይዞ ይሄድና ዱር ያሉትን ይጨርሳል። ደግሞስ መተማ አገራቸው ነው? የአዲሶቹ አገር የት እንደሆነ እንኳ አናውቅም። የዱር እንስሳት ጉዳይም ሕግ አለው። ከዱር አምጥቶ ማሳደግም ሆነ መሸጥ ያለ ፈቃድ አይቻልም። እህቴ፣ አንቺም ከሰው የተረከብሽው ቢሆንም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎችን ጠይቀሽ ነገሩን በግልጽ ብትይዢው ይሻላል።

የማራኪ ልጅ (ታኅሣሥ 16)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ጥቁሬ ወንድ ነው! ሆዱ ጎድጓዳ፣ ጅራቱ ረዥም። ለጎረቤታችን አዲስ አበባ ስደውል «ልጄ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሴት ብዬ ጠራሁት» ብለው በጣም አዘኑ።

ታናሽ ወንድሜ በሁለት ቀን ካቡን ካበው። ግቢው አሁን ሦስት ቦታ ነው። ዘገየን ከድንጋዩ አላነሳሁትም፤ ያ የእሱ ነው። በወፍጮ ቤቱ ሚዛን መዘንኳቸው። ዘገየ 8.4፣ ጥቁሬ 6.2፣ ወለላ 11 ኪሎ።

አንድ ጥያቄ ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ በራሴ ጠየቅኩ፤ ድሮ የት ነበር የሚያድሩት? ጎረቤታችን አሮጌ የሳሙና ሣጥን ውስጥ ነው አሉኝ። ሣጥኑ ባዶው ቤት ውስጥ ነበር። ሄጄ ከነጭዱ አመጣሁትና በወለላ በኩል አስቀመጥኩት። በዚያው ማታ ራሷ ገባች። በማግስቱ ሰርዶ በላች። በዐሥራ ስምንተኛው ቀኗ መሆኑ ነው። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ቁስቋም ሠፈር (ታኅሣሥ 16)

እልል! ለጥምቀት ሕፃናቱ እንዳያነሱዋት ብቻ። ኤሊን ከመሬት ማንሳት ጭልፊት ወሰደው ማለት ነው ለእሱ። እጃቸውንም ሳይታጠቡ ምንም እንዳይበሉ። ውሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ካለም ደጅ ይሰር።

የማራኪ ልጅ (የካቲት 21)

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ጥምቀት በሰላም አለፈ። ሕፃናቱን በተራ ሰርዶ እንዲያስቀምጡላቸው ብቻ ፈቀድኩ፤ መንካት የለም። ከካቡ ውጭ ቁጭ ብለው ሲያዩ ዋሉ።

ጥቁሬ አሁን 6.5 ኪሎ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሣጥኑ አይወጣም ነበር። አሁን ድምፄን ሲሰማ ወደ በሩ ይመጣል። ዘገየ ሁለት ሳምንት ያህል ካቡን እየተከተለ ሲያሸት ቆየ፤ ከዚያ ተወው። ጠዋት ወደ አባቴ ድንጋይ ተመልሷል። ወንዶቹን ዳግመኛ አላገናኛቸውም። የወለላም ሦስት ወር ሳይሞላ ማንም ጋር አትገባም።

አሁን የጻፍኩት ግን ለሌላ ነው። ወለላ ሦስት ቀን ሆናት፤ ምግብ ቀንሳለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ የሚመታው ጥግ ሄዳ መሬቱን በሽንቷ አረጠበችው። አሁን በኋላ እግሮቿ ቀስ እያለች ትቆፍራለች። አንዴ በግራው፣ አንዴ በቀኙ። ታማ ይሆን?

የከብት ሐኪም (የካቲት 21)

አልታመመችም። እንቁላል ልትጥል ነው። ሴት ኤሊ የወንዱን ዘር ረዥም ጊዜ ይዛ ስለምትቆይ ከጥቁሬ መለየቷ አያግዳትም። አትቅረቢያት፣ መብራትም አታብሪባት። ብትደነግጥ አቋርጣ ትሄድና እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስትጨርስ ራሷ አፈር ትመልስበታለች። ያን ጊዜ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጊበት። እንቁላሎቹን እንዳታገላብጪ። ከዚያ ምን እንደምናደርግ ነገ እናወራለን።

የማራኪ ልጅ (የካቲት 21)

እሺ። የግቢውን መብራት አጥፍቻለሁ። እናቴና እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለናል። አሁንም እየቆፈረች ነው።