ባዶዋ ትንሽ መኪና ወይስ ፉል ኦፕሽኗ ትልቅ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ሁለት ያገለገሉ የቤት መኪናዎች በእኩል ዋጋ ቀርበዋል። አንዷ ባለ 1.5 ሊትር፣ ማኑዋል፣ ከኤሲ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የሌላት ናት። ሌላዋ በዕድሜ 5 ዓመት ትበልጣለች፤ ባለ 2.5 ሊትር አውቶማቲክ፣ የቆዳ ወንበር፣ ሰንሩፍ፣ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ። የቷ ትገዛ? አራት ተከራካሪዎች በቅጽል ስማቸው ይመልሳሉ።

ቁጥር ይናገር፦ ትንሿ፣ ምንም አያጠራጥርም። በ100 ኪሎ ሜትር ትንሿ 7፣ ትልቋ 12 ሊትር ብትጠጣ፣ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ልዩነቱ 750 ሊትር ነው። በ4 ዓመት 3,000 ሊትር። በነዳጅ ዋጋ አባዙትና የቆዳ ወንበሩ ስንት እንዳስከፈላችሁ ታያላችሁ። ጎማውንም አትርሱ። የትንሿ 195/65 ጎማ (ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ) ጎኑ 12.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የትልቋ 225/40 ደግሞ 9 ብቻ። ጉድጓድ ሲመታ የሚያበርደው ጎማ ስለሌለ ምቱን ቸርኬው ይቀበለዋል፣ ይጎብጣል።

ክሩስኮት፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ መነሻው ግን አይደለም። በዓመት 5,000 ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 250 ሊትር ነው። ደግሞ ኦፕሽን ሲባል ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተተው። ሰንሩፍ ቅንጦት ነው፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ ኢኤስሲ (መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚይዘው) እና የጎን ኤርባግ ግን ቅንጦት አይደሉም። ባዶዋ መኪና እነዚህ ከሌሏት ርካሽ ናት አልልም። ብቻ መኖራቸውን ከሻጭ አፍ አትስሙ፤ ቁልፍ ሲከፈት የኤርባጉና የኤቢኤሱ መብራት ይበራል፣ ሞተር ተነስቶ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ ወይ የላትም፣ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው።

ባለ ካምቢዮ፦ ሁለታችሁም ነዳጅና ወንበር ላይ ቆማችሁ ዋናውን ዘለላችሁት። ያረጀች አውቶማቲክ መኪናን የሚያከስራት ካምቢዮው ነው። የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉት። ቀላና ጥርት ካለ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ እየተበሉ ነው፤ ያኔ አዲስ ዘይት መሙላት መፍትሔ አይሆንም። «ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» የሚለውንም እርሱት፣ በ60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢቀየር ይመረጣል። ቀጥሎ ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ አስገቡ። ከ2 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም ገፍትሮ ከገባ ዋጋ መደራደር አቁሙ፣ ተዉት።

ሰንሩፉም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በአራቱ ማዕዘን ውኃ የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ አቧራ ሲደፍናቸው ውኃው በምሰሶው በኩል ወርዶ ምንጣፍ ሥር ይተኛል፣ እዚያ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበላዋል። መሞከር ቀላል ነው፦ ሰንሩፉን ከፍታችሁ የፊተኛው ጥግ ቦይ ላይ ሩብ ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከመኪናዋ ሥር፣ ብዙ ጊዜ በፊት ጎማ ጀርባ ይንጠባጠባል። ቦዩ ላይ ከተኛ ተደፍኗል፤ እጃችሁን ምንጣፉ ሥር አስገብታችሁ እርጥበት ፈልጉ።

ቁጥር ይናገር፦ እየረዳኸኝ ነው እኮ! ትንሿ ከነዚህ አንዱም የለባትም።

ባለ ካምቢዮ፦ የሷ ጣጣ ሌላ ነው፣ ወንድሜ። በ3ኛ ማርሽ ቀስ ብለህ እየሄድክ ነዳጅ ስትረግጥ የሞተሩ ዙር ወጥቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኗ አልቋል። ቺንጊያ (የሞተሩን ቫልቮላዎች ከፒስቶን ጋር የሚያቀናጅ ቀበቶ) ያላት ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ይቀየራል፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። የተቀየረበት ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው፤ ቺንጊያውን፣ መወጠሪያ ኩሽኔታውንና የውኃ ፖምፓውን አንድ ላይ አስልተህ ከዋጋው ቀንስ። ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ፒስቶኑ ቫልቮላውን ይመታዋል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይፈታል።

ማለዳ፦ የትኛዋም ትሁን፣ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ተመለሱ። ኮፈኑን ክፈቱና ሞተሩን በእጅ ንኩት፤ መቀዝቀዝ አለበት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለመኖሩም አያጽናናችሁ። በኮምፒውተር ሲታይ የፍተሻ ሙከራዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ ኮዱ በቅርብ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር። ጥቂት ቀን ተነድታ እንደገና ትታይ።

ክሩስኮት፦ እሺ፣ ይህን ሁሉ አልፋለች እንበል። ያኔ እኔ አሁንም ትልቋን እላለሁ፤ ባለ 18ቱን አውጥቼ ባለ 16 አስገብቼ።

ቁጥር ይናገር፦ ነዳጁስ?

ክሩስኮት፦ ነዳጁ ያው ነው፣ አልካድኩም። ለጥቂት ኪሎ ሜትር እከፍለዋለሁ።

ባለ ካምቢዮ፦ ከ225/40 ባለ 18 ጋር በቁመት የሚቀራረበው 205/55 ባለ 16 ነው፣ ልዩነቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ቁመቱ የራቀ መጠን ካስገባህ የፍጥነት ጌጁ ይዋሻል። ከመግዛትህ በፊት ግን ቸርኬውን ብቻ፣ ያለ ጎማ፣ አንዱ የፊት እግር ላይ አስረህ በእጅ አዙረው። ትልቅ ሞተር ትልቅ ፍሬን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ባለ 16 ካሊፐሩን ሊነካ ይችላል።