ዴድላይን ውስጥ ያለው «ዴድ» ከየት መጣ?

ሚሚ ጉለሌ
ሰላም ጓዶች፣ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ዴድላይን ዴድላይን ሲባል ነው የሚዋለው፣ ስኮላርሺፕ ሲወጣም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዴድላይኑ መቼ ነው የሚለው ነው። ግን ዴድ የሞተ፣ ላይን መስመር ማለት አይደል እንዴ? የማስረከቢያ ቀን ከሞት ጋር ምን አገናኘው? ደሞ አለቃችን «ሚት ዘ ዴድላይን» ብሎ ኢሜይል ሲልክ አንዷ ባልደረባዬ ስብሰባ መስሏት አዳራሽ ልታስይዝ ነበር 😂

ታሪክ ወዳዱ
እውነትም ሞት አለበት ባክሽ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል የሚባል፣ ደቡቦቹ የሰሜን ወታደሮችን የሚያስሩበት የምርኮኛ እስር ቤት ነበር፣ በ1864 በፈረንጆቹ የተከፈተ፣ ለ10 ሺህ ሰው ታስቦ ኦገስት ላይ ከ32 ሺህ በላይ ታጭቆበታል። ከግንድ አጥሩ 6 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አጫጭር ችካል ላይ የተመታ ቀጭን እንጨት ዙሪያውን ይዞራል፣ እሱን ያለፈውን ማማ ላይ ያለው ዘበኛ ይተኩስበታል፣ ስሙም ዴድ ላይን። ግቢውን የሚያቋርጠው ጅረት በጣም ቆሻሻ ስለነበር ጠራ ያለ ውሃ ለመቅዳት በእንጨቱ ስር እጃቸውን ሲዘረጉ የተመቱ አሉ። በጠቅላላው 13 ሺህ የሚጠጋ ሰው አልቋል፣ አብዛኛው ግን በጥይት ሳይሆን በተቅማጥና በምግብ እጦት ነው። አዛዡ ሄንሪ ዊርዝ በ1865 ተሰቀለ፣ ዴድ ላይኑም ክሱ ውስጥ ነበረበት።

ቀለም ቀንድ
@ታሪክ ወዳዱ ልክ ነህ ግን ቀጥታ ከእስር ቤት ቢሮ አልገባም። የሰዓት ገደብ ማለት የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ጋዜጠኞች አፍ ነው፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ የመጣ ዜና ለዛሬው እትም አይገባም ለማለት። አታሚዎችም ማሽናቸው ላይ ከዚያ ያለፈ ፅሁፍ በደንብ የማይታተምበትን ምልክት ዴድ ላይን ይሉት ነበር፣ ስለዚህ ጋዜጠኛው ከየትኛው ወሰደው የሚለው ያከራክራል፣ እኔ ወደ ማሽኑ አደላለሁ።

ዲሲ ነዋሪ
አጠቃቀሙን ልጨምር። ሚት ማለት በሰዓቱ ማድረስ ነው፣ ሚስ ካሉሽ አልፎሻል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሌላ ቦታ ነው፣ «እስከ አርብ አስገባ» ለማለት አንቲል ፍራይደይ እንላለን፣ ባይ ፍራይደይ ነው የሚባለው፣ አንቲል ካልሽው ፈረንጁ እስከ አርብ ድረስ ስታስገቢ ስታስገቢ የምትቆዪ ነው የሚመስለው 😅

ሚሚ ጉለሌ
ተባረኩ! እሺ ማርች 1፣ 11:59 ፒኤም ኢስተርን ታይም የሚለው በኛ ስንት ሰዓት ነው?

ዲሲ ነዋሪ
ኢስተርን ታይም የኒውዮርክና የዲሲ ሰዓት ነው፣ በኛ ማርች 2 ጠዋት ለ2 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ግን ኔትዎርኩን ታውቂው የለ፣ ማርች 1 በቀን ላኪው።