የኒኬል ማዕድን ሰልፈር ዜሮ ከወጣ ማንትል ነው ማለት ነው? (ግራ ገብቶኛል)

ድንጋይ_ለቃሚ፦
ሰላም ጓዶች፣ ጂኦሎጂ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ሴሚናር ደርሶኝ የሳይቤሪያውን ኖሪልስክ ነው የማቀርበው፣ ያው የኒኬል፣ የመዳብና የፕላቲነም ማዕድኑን። እስካሁን የገባኝ፣ የማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም ንብርብር) ሰልፈር ዴልታ-34 ዜሮ አካባቢ ነው፣ ያው የሰልፈር አይሶቶፕ ልኬቱ፣ ከባዱ ሰልፈር-34 ከቀላሉ ሰልፈር-32 አንፃር ከመደበኛው በሺህ (በፐርሚል) ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ የሚያሳየው፣ የኖሪልስክ ማዕድን ግን ከ+8 እስከ +12 ፐርሚል ምናምን ይወጣል፣ ስለዚህ ማግማው ሲወጣ መንገዱ ላይ ያገኘውን የዴቮንያን ዘመን አንሃይድራይት (ውሃ የሌለው ጂፕሰም በሉት) እየበላ ነው የመጣው ይላሉ። እሺ እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ሌሎቹን ሳይ ግን ዞረብኝ፣ የቻይናው ጂንቹዋን ዜሮ አካባቢ፣ የካናዳው ሰድበሪም ከዜሮ ብዙ አይርቅም። እነዚህ ሰልፈራቸው ከማንትል ነው ማለት ነው? አንድ ሲኒየር ጠይቄ «ዜሮ ማለት ማንትል ነው በቃ» አለኝ፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ደሞ የኛም ባሳልት ጎሃ ጽዮን ጂፕሰም ላይ ነው የተነጠፈው፣ ታዲያ እኛ ጋ ኖሪልስክ የሌለው ለምንድነው? ሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ 😅

የማግማ_ጎረቤት፦
ኧረ ሞኝ ጥያቄ አይደለም ወንድሜ፣ ሲኒየርህ ነው የተሳሳተው። ሰድበሪን ራሱን እየው። ከ1.85 ቢሊዮን ዓመት በፊት የሰማይ አካል መጥቶ ሲመታው ክረስቱ (የምድር ቅርፊቱ) ቀልጦ የተፈጠረ ማግማ ነው፣ ከማንትል ሰልፈር የሚጠበቅበት ቦታ አይደለም፣ ግን ቁጥሩ እዛው ዜሮ አጠገብ ነው። ለምን ብትል የአካባቢው ድንጋይ ሰልፈር ራሱ አማካዩ ከዜሮ ብዙ ስላልራቀ። አንሃይድራይት +20 ስለሆነ ኖሪልስክ ላይ ጎልቶ ታየ እንጂ፣ ማግማው የበላው ድንጋይ +1 ቢሆን ኖሮ መብላቱን በምን ታውቃለህ?

ሁለተኛው ነገር መቅጠን ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሰልፋይዱ (ብረት፣ ኒኬልና መዳብ ከሰልፈር ጋር የተዋሃዱበት ማዕድን) ቀልጦ ጠብታ ከሆነ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ አዲስ ማግማ በላዩ ሲያልፍ ከሱ ጋር ሰልፈር ይለዋወጣል። ሂሳቡን ሥራው፣ 1 ኪሎ ሰልፋይድ ውስጥ 350 ግራም ገደማ ሰልፈር አለ በል፣ +20 ይሁን። ማግማው ደግሞ ዜሮ ሆኖ በኪሎ 1 ግራም ሰልፈር ይያዝ። 1,000 ኪሎ ማግማ ካለፈበት +5 አካባቢ ይወርዳል፣ 10,000 ኪሎ ካለፈበት +0.7 ይሆናል፣ በቃ ጠፋ፣ አንድ ስኒ ቡና እንስራ ውሃ ውስጥ እንደመድፋት ነው። የሚያናድደው ደሞ ፕላቲነምና ፓላዲየም ጥርቅም ብለው ሰልፋይዱ ውስጥ የሚገቡት ብዙ ማግማ ሲያልፍበት ነው፣ ማለትም ማዕድኑ ውድ በሆነ ቁጥር የሰልፈሩ ምልክት ይደመሰሳል።

ስለዚህ ከዜሮ በጣም ከራቀ ከውጭ ሰልፈር ገብቷል ማለት ትችላለህ፣ ዜሮ ከሆነ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ደሞ ሴሚናሩ ላይ «የማዕድኑ ምንጭ አንሃይድራይት ነው» እንዳትል ይይዙሃል 😂 አይሶቶፑ የሚነግርህ የሰልፈሩን ነው፣ ኒኬሉ የመጣው ከማንትል በቀለጠው ማግማ ነው።

አባይ_በረሃ፦
የጎሃ ጽዮኑን እኔ ልመልስ፣ የአባይን ሸለቆ ስንት ጊዜ በእግሬ ወርጄዋለሁ። መጀመሪያ ባሳልቱ ጂፕሰሙ ላይ በቀጥታ አልተነጠፈም፣ መሃል ላይ የአንታሎ ላይምስቶን አለ፣ ከዛ በላይ የሙገር ጭቃ ድንጋይና ሳንድስቶን፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰው ባሳልት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቢነካውም ደግሞ ላይ ላዩን የፈሰሰ ላቫ ከስሩ ያለውን ጂፕሰም አይበላም፣ የሚበላው ንብርብሩን ሰንጥቆ የሚወጣው ወይም መሃሉ ገብቶ የሚተኛው ማግማ ነው። ኖሪልስክም ማዕድኑ ያለው ላቫው ውስጥ ሳይሆን ቀጫጭን ኢንትሩዥኖቹ (እንዲህ ድንጋይ መሃል ገብቶ የቀዘቀዘው ማግማ) ውስጥና ግርጌያቸው ላይ ነው፣ እነሱም ማግማ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍባቸው የኖሩ ቱቦዎች ናቸው የሚባለው ለዚህ ነው።

መብላቱ ራሱ ብዙ አይፈልግም። አንሃይድራይት በክብደቱ 23.5 በመቶ ሰልፈር ነው፣ 100 ኪሎ ማግማ ግማሽ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ቢበላ የራሱን ያህል ሰልፈር ይጨምራል፣ +10 ላይ ደረሰ ማለት ነው። ችግሩ አንሃይድራይት ሰልፌት (ሰልፈሩ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ) መሆኑ ነው፣ ወደ ሰልፋይድ መቀየር አለበት፣ ያንን ደሞ ምን ቀየረው የሚለው ላይ አሁንም ይጨቃጨቃሉ፣ የድንጋይ ከሰል ነው የሚል አለ፣ የማግማው ብረት ነው የሚልም አለ።

እኛ ጋ ልፈልግ ካልሽ (ካልክ?) ጂፕሰሙን ከማሳደድ በፊት ላቫው ውስጥ ኒኬልና መዳብ የጎደለበት ንብርብር አለ ወይ ብሎ ማየት ይሻላል። ኖሪልስክ ላይ ናዴዥዲንስኪ የሚባለው ላቫ ኒኬሉም መዳቡም ፕላቲነሙም ተዘርፎ ነው የወጣው፣ ስር የቀረ ሰልፋይድ አለ ማለት ነው።

ድንጋይ_ለቃሚ፦
ሴት ነኝ 😂 ችግር የለም። በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁም፣ የመቅጠኑን ሂሳብ ስላይድ ላይ አደርገዋለሁ። ግን ዜሮ ሲሆን ምንም ማለት ካልተቻለ በቃ ተስፋ ቆርጠን እንቀመጥ?

የማግማ_ጎረቤት፦
ይቅርታ እህቴ 🙈 አይ፣ በጣም የቆየ ድንጋይ ከሆነ ሰልፈር-33 ያድንሻል። እስከ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ድረስ አየሩ ኦክስጅን ስላልነበረው የፀሐይ ጨረር የሰልፈር ጋዙን ይሰባብረው ነበር፣ ያኔ 33ቱ ከ34ቱ ጋር የሚሄድበትን የተለመደ ሂሳብ ጥሶ ደለል ውስጥ ይቀራል። ይሄን ሙቀትም ባክቴሪያም ሊያስመስሉት አይችሉም፣ ስለዚህ ዴልታ-34 ዜሮ ቢሆን እንኳ 33ቱ ከመስመሩ ወጥቶ ከተገኘ ሰልፈሩ አንድ ጊዜ አየር ላይ ነበር ማለት ነው። አውስትራሊያ ያሉትን 2.7 ቢሊዮን ዓመት የሆናቸው የኮማቲያይት (በጣም ሞቃት የነበረ ጥንታዊ ላቫ) ኒኬሎች ላይ ያገኙት እሱን ነው። ለኖሪልስክሽ ግን አይሠራም፣ 250 ሚሊዮን ዓመት ገና ልጅ ነው፣ የበላው ደለልም ኦክስጅን ከመጣ በኋላ የተከማቸ ነው።

አባይ_በረሃ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ የራስሽን ሳምፕል ላብ የምትልኪ ከሆነ ማዕድኑን ብቻ አትላኪ፣ የጎረቤቱን ድንጋይም ጨምሪ፣ ከኮንታክቱ (ማግማውና የጎረቤቱ ድንጋይ ከሚገናኙበት መስመር) ራቅ ካለ ቦታ የተነሳ። እኔ ብር ለመቆጠብ ብዬ ማዕድኑን ብቻ ልኬ ውጤቱን ከምን ጋር እንደማወዳድረው አጥቼ ተመልሼ በረሃ ወርጃለሁ፣ ያውም በሚያዝያ ፀሐይ።

ድንጋይ_ለቃሚ፦
ኧረ በሚያዝያማ አልወርድም 😂 ኮንታክቱ የት እንደሆነ ጂፒኤስ ነጥብ ካለህ ኢንቦክስ አድርግልኝ

አባይ_በረሃ፦
አለኝ፣ ማታ እልክልሻለሁ።