ከተከለለ 12 ዓመት የሆነው ጋራ ክትክታ ብቻ ነው ያበቀለው፤ ይመንጠር ወይስ ይቆይ?

የቃሉ ልጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ቤተሰቤ ግን ገጠር ናቸው፣ ቃሉ ወረዳ። ከቤታችን በላይ አንድ ጋራ አለ። ልጅ ሆኜ ፍየል የጠበቅሁት እዚያ ነው። ያኔ ድንጋይ ብቻ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከላይ ወርዶ የአባቴን የማሽላ ማሳ ጠጠር ያለብሰው ነበር። በ2006 ሕዝቡ ተሰብስቦ እርከን ሠራ። ቦታው «ከንክኪ ነጻ» ተባለ፣ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ።

አሁን ጋራው አረንጓዴ ነው። ጎርፉም ቀንሷል፣ አልዋሽም። የበቀለው ግን ቁጥቋጦ ነው፣ ክትክታ። ክትክታ፣ ክትክታ፣ አሁንም ክትክታ! አልፎ አልፎ ደደሆና እምቧጮ የሚባሉ ሌሎች ቁጥቋጦዎች ይታያሉ። አያቴ በሕይወት ሳሉ «እዚህ ወይራና ጽድ ነበረ፣ ሰው ቢገባ ይጠፋ ነበር» ይሉ ነበር። 12 ዓመት ጠብቀን አንድ ወይራ አላየንም።

ሰሞኑን ቤት ስሄድ የጎጡ ወጣቶች ስብሰባ ላይ ደረስኩ። ክትክታውን መንጥረን ባሕር ዛፍ እንትከል ነው የሚሉት። አባቴ ጥግ ይዞ ዝም አለ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ትላለህ?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። እኔ የተማርኩት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው! ጋራው እዚሁ ቆሞ ቀረ ማለት ነው? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ለእሑድ መልስ ይፈልጋሉ።

ጡረተኛው

አብሽር ወንድሜ፣ አልቆመም። በግብርና ሠራተኛነት ተሁለደሬም አምባሰልም ዕድሜዬን የጨረስኩት እንዲህ ባሉ ጋራዎች ላይ ነው።

መጀመሪያ ክትክታን አትናቀው። ፍሬው ቀላል ነው፣ ክንፍ አለው፣ ነፋስ ይወስደዋል። ቅጠሉ ሙጫ ስላለው ፍየል አይደፍረውም። አፈሩ ታጥቦ ባለቀበት ቦታ የሚበቅል ደግሞ ስንት አለ? ስለዚህ ቀድሞ ገባ። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ጥላ ይሰጣል፣ እርጥበት ይይዛል። ደደሆው ሲያፈራ ወፎች ይመጣሉ። ወፎቹ ሌላ ቦታ ወይራና ጽድ በልተው ነው የሚመጡት። ቅርንጫፉ ላይ ያርፉና ከኩሳቸው ጋር ዘሩን እታች ይጥሉታል። የወይራ ችግኝ በገላጣ መሬት ፀሐይ ይገድለዋል፤ ከተረፈም ፍየል አለች። ቁጥቋጦው ሥር ግን ሞግዚት አገኘ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጋራው ላይ ውጣና ቆመህ አትይ። ተንበርከክ፣ ክትክታውን በእጅህ ገለጥ አድርግና ሥሩን እይ። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ፈዛዛ የሆነ ጠባብ ቅጠል ካየህ ወይራ ነው፤ ሥራው ተጀምሯል።

አንድ ነገር ግን ወሳኝ ነው። የወይራ ዘር እንደ አረም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ተቀብሮ አይጠብቅም። እናት ዛፍ ያስፈልገዋል። በቅርብ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የመቃብር ቦታ አለ? እዚያ ያረጀ ወይራ ቆሟል? ካለ ወፎቹ ያደርሱታል። ከሌለ ሌላ 12 ዓመት ብትጠብቅም ክትክታ ነው የምታየው። ያኔ ችግኝ አምጥታችሁ እዚያው ክትክታው ሥር ትከሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ሳትመነጥሩ!

ይህን የምለው አጥፍቼ ስለተማርኩ ነው። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ፣ በምግብ ለሥራ እርከን በምናሠራበት ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ጋራ ላይ ቁጥቋጦውን ሁሉ አስመንጥሬ ጽድ በመስመር አስተከልኩ። ሲያዩት የወታደር ሰልፍ ነበር የሚመስለው። በጋው ሲያልፍ ከመቶ አምስት እንኳ አልተረፈም። ሪፖርቱ ላይ ግን አንድም አልሞተም።

ባለ ባሕር ዛፉ

ጋሼ ያሉት ጥሩ ነው፤ ወጣቱ ግን እስከዚያ ምን ይብላ? እኔ ቤት የሠራሁት ባሕር ዛፍ ሸጬ ነው። ደግሞ ያረጀ ባሕር ዛፍ ሥር ወይራና ጽድ ሲበቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሌ እሱን ብቻ መውቀስ ልማድ ሆኗል።

ጡረተኛው

እውነትህን ነው፣ ይበቅላል። ዛፉ በየጊዜው ካልተቆረጠና መሬቱ ካልተረገጠ። እናንተ ግን የምትተክሉት ልትቆርጡት ነው። ትከሉ፣ ከጋራው ግርጌ፣ ከማሳና ከምንጭ ራቅ አድርጋችሁ። ዳገቱን ልቀቁት። ሣሩን በጥቅምት አጭዶ መካፈልም ገንዘብ ነው፣ ቀፎ መስቀልም ገንዘብ ነው። የአምባሰል ሰው ማር እየሸጠ ነው የኖረው። ስሙ ራሱ ከዐረብኛው «ዐሰል»፣ ከማር የመጣ ነው የሚሉም አሉ።

የሐይቅ መምህር

ደርሼ አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ ወሎ ያሉትን የሐይቅንና የሐርዲቦን ሐይቆች ደለል ተመራማሪዎች ቆፍረው አውጥተው፣ በየዘመኑ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ ቆጥረዋል፤ በየዘመኑ ምን ዛፍ እንደነበረ የሚታወቀው ከዚያ ነው። የ3000 ዓመት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ዝግባና ጽድ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ደኑ ተመነጠረ። በቦታው ምን ገባ? ክትክታ! ከነእምቧጮው ወገንና ከሣሩ ጋር ወደ 1800 ዓመት ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደን ተመለሰ። ተመልሶም እንደ ድሮው አልሆነም፤ አሁን ጽዱ ነው የገነነው፣ ወይራ አብሮት። በመጨረሻዎቹ 300 ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ፣ አፈሩም ታጠበ።

ክሌመንትስ የሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1916 እ.ኤ.አ. ማንኛውም መሬት ካልነኩት በደረጃ አድጎ ወደ አንድ የታወቀ መጨረሻ ይደርሳል ብሎ ነበር። አሥር ዓመት ሳይቆይ ግሊሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ተቃወመው፤ ማን እንደሚበቅል የሚወስነው የትኛው ዘር ቀድሞ ደረሰ፣ የትኛውስ ቦታው ተስማማው የሚለው ነው አለ። የኛ ሐይቅ ጭቃ ለግሊሰን የሚያደላ ይመስለኛል። ስለዚህ የቃሉ ልጅ፣ የአያትህን ጋራ አትጠብቅ። ሌላ ጋራ ነው የሚመጣው።

የቃሉ ልጅ

ቅዳሜ ሄድኩ። አያ ጡረተኛው እንዳሉኝ ተንበርክኬ ፈለግሁ፤ ሱሪዬ አልቋል። ከመስጊዱ በኩል ባለው ጎን ሰባት ወይራ ቆጠርኩ፣ ትልቁ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። በወዲያኛው ጎን አንድም የለም። እዚያ እንተክላለን። ወጣቶቹ ገና አልተስማሙም፤ ግርጌው ለባሕር ዛፍ ይሰጠን እያሉ ነው።

አንዱን ችግኝ ሰው በእሾህ አጥሮት አገኘሁት። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው «እኔ ነኝ ያጠርኩት፣ ካቻምና» አለኝ። ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም ስለው፣

«ማን ጠየቀኝ?»